ልከኛ ለመሆን ያወጣሁት ሥርዓት ለምን አስጨነቀኝ?

«ከጥቂት ወራት በፊት ስለ ቡድሃ ትምህርት ማንበብ ጀመርኩ። ሰውነቴም ሐሳቤም ዕረፍት አጥተው ስለነበር ኑሮዬን ልክ ለማስያዝ ወሰንኩ። አሁን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥቼ አንድ ሰዓት ሙሉ በተመስጦ እቀመጣለሁ፤ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከቀትር በፊት እበላለሁ፤ ሥጋ፣ ጣፋጭና ሙዚቃ ትቻለሁ። ችግሩ ተመስጦ ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል፤ ማታ ደግሞ ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ ስልኬን ይዤ፣ ቆሜ፣ ያገኘሁትን ሁሉ እበላለሁ፤ ሲነጋ ራሴን እጠላለሁ። ለመቀመጫ ትራስ፣ ለደወልና ለስልክ መተግበሪያዎች ያወጣሁት ገንዘብም የቤቱን ወጪ አዛብቶታል። ባለቤቴ ‹ቤቱን ገዳም አደረግኸው፤ ማዕድ ላይ ደግሞ ዳኛ ሆነህ ተቀመጥህ› ትለኛለች። የጎደለኝ ቁርጠኝነት ነው? ምን ልጨምር? ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ሁለት ብርጭቆ ወይን መጠጣትስ ከመካከለኛው መንገድ ይቆጠራል? ይህን ሁሉ ለማድረግ ሃይማኖቴን መለወጥ ይኖርብኛል?» — ልክ ያጣሁት

ውድ «ልክ ያጣሁት»፣

ምንም አይጨምሩ። እንዲያውም ከያዙት ላይ አብዛኛውን እንዲያስቀምጡት እመክርዎታለሁ። ይህን የምለው ስላዘንኩልዎ ብቻ አይደለም፤ ለራስዎ የደነገጉት ሥርዓት ካነበቡት ትምህርት ጋር በቀጥታ ስለሚጋጭ ነው። ቁርጠኝነት ቢጎድልዎ ኖሮ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ለወራት ባልተነሡ ነበር።

በደብዳቤዎ የዘረዘሩትን ደንብ አንድ በአንድ ስመለከተው አብዛኛው ለመነኮሳት የተሠራ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ከቀትር በኋላ አለመብላትና ከሙዚቃ መራቅ ቤትና ትዳር ትተው የወጡ፣ ምግባቸውን በየማለዳው በምጽዋት የሚቀበሉ ሰዎች የሚኖሩበት ሥርዓት ነው። በዓለም ለሚኖረው ምእመን የተሰጡት የዘወትር ትእዛዛት አምስት ብቻ ሲሆኑ እነርሱም ነፍስ አለማጥፋት፣ ያልተሰጠውን አለመውሰድ፣ በፍትወት ከመባለግ መቆጠብ፣ አለመዋሸትና አእምሮን ከሚያደነዝዝ መጠጥ መራቅ ናቸው። ከቀትር በኋላ ያለመብላት ደንብ ወደ ምእመኑ ቤት የሚመጣው ኡፖሳታ በሚባሉት፣ ጨረቃን ተከትለው በሚውሉ የተወሰኑ ቀናት ነው፤ የፈለገ ምእመን በእነዚያ ቀናት ስምንት ትእዛዛት ይጠብቅና በማግስቱ ወደ ሥራው፣ ወደ ትዳሩና ወደ እራቱ ይመለሳል። እርስዎ የጥቂት ቀናቱን ሥርዓት የዓመት ሙሉ አደረጉት። ሥጋን በተመለከተም ቢሆን ፓሊ በተባለው የሕንድ ጥንታዊ ቋንቋ በተጻፉት የቡድሃ ትምህርት መጻሕፍት መነኩሴ እንኳ እንስሳው ለእርሱ ተብሎ ሲታረድ ካላየ፣ ካልሰማና ካልጠረጠረ የተሰጠውን ሥጋ እንዲበላ ተፈቅዶለታል፤ በምሥራቅ እስያ ደግሞ ብዙ ገዳማት ሥጋን ጨርሰው ይከለክላሉ። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ የያዙት አቋም ቢቆይ ተቃውሞ የለኝም፤ የሚቆየው ግን ስለወደዱት እንጂ ግዴታ ሆኖብዎ አይሁን።

ከዚህ ሁሉ በፊት የራሱ የቡድሃ ታሪክ መታየት አለበት፤ ብዙ ጊዜ በጥድፊያ የሚታለፍ ክፍል ስላለው። ኋላ ቡድሃ የተባለው ሲድሃርታ ጎታማ በ29 ዓመቱ ከቤቱ ከወጣ በኋላ ለስድስት ዓመታት ያህል በእርስዎ መንገድ፣ ከእርስዎም እጅግ በከፋ ሁኔታ ሄዶበታል። ትንፋሹን እያፈነ ይቀመጥ ነበር፤ ምግቡን ከዕለት ወደ ዕለት ከመቀነሱ የተነሣ የሆዱን ቆዳ ሲዳስስ የጀርባ አጥንቱን ይይዝ እንደነበር፣ ገላውን ሲያሽ ጠጉሩ ከነሥሩ ይረግፍ እንደነበር ኋላ ለደቀ መዛሙርቱ ተርኮላቸዋል። በዚህ ሁሉ የፈለገውን አላገኘም። በመጨረሻ ልጅ ሳለ አባቱ ሥራ ላይ እያለ ከዛፍ ጥላ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ያገኘው ጸጥ ያለ ደስታ ትዝ አለው፤ «ይህን ክፋት የሌለበትን ደስታ ለምን እፈራዋለሁ?» ብሎ ራሱን ጠየቀ፤ እንዲህ በከሳና በደከመ ገላ ያን ደስታ ማግኘት እንደማይቻል ተረድቶም ምግብ በላ። አብረውት የነበሩት አምስት ባሕታውያን ይህን ሲያዩ ወደ ምቾት ተመለሰ ብለው ጥለውት ሄዱ። ዛሬ ቦድ ጋያ በሚባለው ስፍራ ወደ ማስተዋል ደረሰ የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። ልብ ይበሉ፤ ምግቡ የቀደመ ነው። የመጀመሪያ ስብከቱንም በሳርናት የሰበከው ጥለውት ለሄዱት ለእነዚያው አምስት ሰዎች ሲሆን፣ የጀመረውም ለደስታ ባሪያ መሆንና ራስን ማሠቃየት ሁለቱም ሊራቅ የሚገባው ጽንፍ ነው በማለት ነው።

የእርስዎ ጭንቀት በአብዛኛው የመጣው የመጀመሪያውን ጽንፍ ሸሽተው በሁለተኛው ውስጥ በመግባትዎ ነው። ማታ ላይ ሆዱ የባዶነቱን ሲጠይቅ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ይመለሳሉ። በአንድ ቀን ውስጥ ሁለቱንም ጽንፍ ይጎበኛሉ ማለት ነው፤ ማለዳ ባሕታዊ፣ ማታ ሆዳም። ይህን ስል አልሰድብዎትም፤ በሁለቱ መካከል የቆመ ምንም ነገር እንደሌለ እንዲያዩት ብዬ ነው።

ሶና የሚባል መነኩሴ ነበር። ከሀብታም ቤት የወጣ፣ እግሩ ለስላሳ የሆነ ሰው ሲሆን፣ ተመስጦ በሚያደርግበት መንገድ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲመላለስ እግሩ ተላልጦ መሬቱ ደም እስኪነካ ድረስ ደከመ፤ ፍሬ ባላየ ጊዜም ሁሉንም ትቼ ወደ ቤቴ ልመለስ ብሎ አሰበ። ቡድሃ ወደ እርሱ መጥቶ ቀድሞ ቤቱ ሳለ ቪና የተባለውን ባለ ክር መሣሪያ ይጫወት እንደነበር አስታወሰውና ክሩ ሲበዛ ሲከር፣ ሲበዛም ሲላላ ጥሩ ድምፅ ይሰጥ እንደሆነ ጠየቀው። አይሰጥም አለ ሶና። ጥረትህም እንዲሁ ነው፤ ሲበዛ ሲከር ዕረፍት ያሳጣል፣ ሲበዛ ሲላላ ስንፍና ያመጣል አለው። በዚህ ታሪክ የምወደው ነገር ቡድሃ ክሩ ምን ያህል መወጠር እንዳለበት በቁጥር አለመናገሩ ነው። ልኩን የሚያውቀው መሣሪያውን የያዘውና ድምፁን የሚሰማው ሰው ነው። አንድ ሰዓት ተመስጦ ለአንዱ ልክ ይሆናል፤ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ለሚውልና ሌሊቱን አጉድሎ ለሚነሣ ሰው ግን የከረረ ክር ነው።

ስለ ወይን ለጠየቁኝ እዚህ ላይ ልመልስ፤ ምክንያቱም «መካከለኛ» የሚለው ሐሳብ በቀላሉ የሚዛባው በዚህ በኩል ነው። በቡድሃ ትምህርት መካከለኛው መንገድ ማለት ከሁሉም ነገር ግማሽ ግማሹን መውሰድ ማለት አይደለም። ያ ቢሆን ኖሮ ጥቂት መዋሸትና ጥቂት መስረቅም ልከኝነት በሆነ ነበር። መካከለኛው መንገድ ተብሎ የተተረጎመው ቀና አመለካከትን፣ ቀና አሳብን፣ ቀና ንግግርን፣ ቀና ምግባርን፣ ቀና መተዳደሪያን፣ ቀና ጥረትን፣ ቀና አስተውሎትንና ቀና ተመስጦን የያዘው ባለ ስምንት ዘርፍ መንገድ ነው። መጠጥን በተመለከተ አምስተኛው ትእዛዝ የሚለው ተቆጠብ እንጂ ቀንስ አይደለም። ሲጋላ ለተባለ ወጣት በሰጠው ምክር ቡድሃ የመጠጥን ጉዳት ሲዘረዝር ገንዘብ መባከንን፣ ጠብ መብዛትን፣ በሽታን፣ ስም መጉደፍን፣ ኀፍረተ ሥጋን መግለጥንና አእምሮ መዳከምን ጠቅሷል፤ ዛሬም አንዱን ከዝርዝሩ የሚያወጣ ሰው የሚገኝ አይመስለኝም። ስለዚህ ጥያቄዎ «ቡድሃ ምን ይላል?» ከሆነ መልሱ ሁለት ብርጭቆም አይልም ነው። ጥያቄዎ «እኔ ምን ላድርግ?» ከሆነ ግን ትእዛዛቱ ሰው ራሱ ፈቅዶ የሚቀበላቸው መሆናቸውን ያስታውሱ፤ ቅዳሜ ሁለት ብርጭቆ የሚጠጣ ሰው ይህን መካከለኛው መንገድ ብሎ ከመሰየም «ይህንን ትእዛዝ ገና አልተቀበልኩም» ብሎ በግልጽ ቢያውቅ ይሻለዋል። የሚገርመው እርስዎ እራትን ያህል ያልተከለከለ ነገር ትተው በተከለከለው ላይ አማካይ መፈለግዎ ነው።

አሁን ወደ ምግቡ እንምጣ፤ ችግርዎ ሥር የሰደደው እዚህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እጽፍልዎታለሁ። ኮሳላ የምትባለው የጥንታዊት ሕንድ መንግሥት ንጉሥ የነበረው ፓሴናዲ በትልቅ ስፍር የተሰፈረ ሩዝ የሚበላ ሰው ነበር። አንድ ቀን በልቶ እንደጠገበ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰ ቡድሃ ዘንድ መጥቶ ተቀመጠ። ቡድሃም ሁኔታውን አይቶ ሁልጊዜ የሚያስተውልና ባገኘው ምግብ ላይ ልኩን የሚያውቅ ሰው ሕመሙ ይቀንስለታል፣ ዕድሜውን እየጠበቀ ቀስ ብሎ ያረጃል የሚል አጭር ግጥም ተናገረ። ንጉሡ ከኋላው ቆሞ የነበረውን ሱዳሳና የተባለ ወጣት ጠርቶ ግጥሙን በቃሉ እንዲያጠናውና ማዕድ በቀረበ ቁጥር እንዲያሰማው አዘዘው፤ ለዚህም በቀን 100 ካሃፓና የሚባል ገንዘብ ደመወዝ ቆረጠለት። ንጉሡ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሄዶ በመጨረሻ በትንሽ ስፍር የሚረካ ሆነ፤ ሰውነቱም ቀለለው፤ እጅና እግሩን በገዛ እጁ እየዳሰሰ ቡድሃ ለዚህም ለወዲያኛውም ሕይወቴ አዘነልኝ እያለ ተደሰተ ይባላል።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ የሌለውን ነገር ይፈልጉት። ክልከላ የለም፤ ይህን አትብላ፣ ከዚህ ሰዓት በኋላ አትቅመስ የሚል ቃል አልተነገረም። ቁጣም የለም፤ ሱዳሳና ንጉሡን አልገሠጸም፣ ሳህኑንም አልነጠቀም። ያለው ማስታወሻ ብቻ ነው፤ ያውም በትክክለኛው ሰዓት፣ እጅ ወደ ምግብ በሚዘረጋበት ጊዜ የሚመጣ። ለውጡ ደግሞ «ቀስ በቀስ» የሚል ቃል አለበት። እርስዎ ከሦስት ማዕድ ወደ አንድ የወረዱት በአንድ ሌሊት ውሳኔ ይመስለኛል፤ ንጉሡ ግን ያንኑ ሩዝ በየቀኑ እየበላ ጥቂት ጥቂት ቀነሰለት።

ከቡድሃ ደቀ መዛሙርት ታላቅ የሆነው ሳሪፑታም ለመነኮሳት የተናገረው ተግባራዊ ምክር አለ፤ ልትጠግብ አራት ወይም አምስት ጉርሻ ሲቀርህ አቁምና ውኃ ጠጣ፣ ይህ ለተመቸ ኑሮ ይበቃል ይላል። ይህን ምክር ከልብ እንዲሞክሩት እፈልጋለሁ፤ የሚሞክሩት ግን እየበሉ ነው። ልትጠግብ አራት ጉርሻ ሲቀርህ የሚለውን ለማወቅ ሰው ስልኩን አስቀምጦ፣ ተቀምጦ፣ አኝኮ መብላት አለበት፤ ካልሆነ ጥጋቡ ሲደርስ እንጂ ሲቃረብ አይታወቀውም። መነኮሳቱ ከመብላታቸው በፊት የሚያሰላስሉትም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው፤ ይህን የምበላው ለመዝናናት፣ ለመስከር ወይም ለማማር ሳይሆን ገላዬን ለማቆየት፣ ረኀብን ለማስታገሥና አዲስ ሕመም ላለመፍጠር ነው ይላሉ። ሁለቱም ወገን እንዳለበት ያስተውሉ፤ ከልክ በላይ ጠግቦ መታመም አዲስ ሕመም እንደሆነ ሁሉ ረኀቡን ሳያስታግሡ ማደርም የምግቡን ዓላማ መሳት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ተግባራዊ ምክሬ ቁርስም እራትም መልሰው ይብሉ የሚል ነው። እራቱ መጠነኛ ይሁን፤ ከቤተሰቡ ጋር፣ ቤተሰቡ በሚበላበት ሰዓት ይሁን። መነኮሳት በማታ መብላት የተከለከሉበት ምክንያት ጤናን ቢያካትትም (ቡድሃ ራሱ ሕመም ይቀንሳል፣ ሰውነት ይቀልላል ብሏል) የምጽዋት ኑሯቸውንም የሚመለከት ነበር። ኡዳዪ የተባለ መነኩሴ ትእዛዙ ከመውጣቱ በፊት መነኮሳት በጨለማ ምጽዋት ሲለምኑ ቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ ይገቡ እንደነበር፣ እርሱንም አንዲት ሴት በመብረቅ ብልጭታ አይታው ጋኔን መስሏት እንደጮኸች ያስታውሳል። እርስዎ እራትዎን ከወጥ ቤት እስከ ማዕዱ ለማምጣት ይህን የመሰለ አደጋ የለብዎትም።

እራት ተመልሶም የሌሊቱ ፍላጎት ወዲያው አይጠፋ ይሆናል፤ ልማድ ሆኗልና። በዚያ ሰዓት ራስዎን አይከልክሉ፤ አኳኋኑን ግን ይለውጡ። መብራቱን ያብሩ። ስልኩን ሌላ ክፍል ይተዉት። የሚበሉትን በሳህን ያውጡና ይቀመጡ። ከመጉረስዎ በፊት ሰውነትዎን ይመልከቱ፤ ሆድ ነው የጠየቀው ወይስ የደከሙ ዓይኖች፣ ወይስ ቀን ከሰው ጋር የነበረ ያላለቀ ንግግር? መልሱ ምንም ይሁን ምን መብላት ይችላሉ። የመጀመሪያዎቹን ጉርሻዎች ጣዕማቸውን እየለዩ ይብሉ፤ ጣዕሙ በስንተኛው ላይ መደብዘዝ እንደጀመረ ልብ ይበሉ። ብዙ ሰው ይህን ሲያደርግ የሚያገኘው ነገር ከአምስተኛው ወይም ከስድስተኛው ጉርሻ በኋላ እጁ የሚመላለሰው ጣዕም ፍለጋ ሳይሆን እንዲሁ በልማድ መሆኑን ነው። ያን ያየ ሰው አንዳንድ ቀን ያቆማል፣ አንዳንድ ቀን አያቆምም፤ ሁለቱም እንደ ምልከታ ይቆጠራሉ።

ሲነጋ ራስዎን መጥላትዎን በተመለከተ ቡድሃ ያልተማረ ሰው በአንድ ቀስት ሲወጋ በዚያው ላይ ሁለተኛ ቀስት ይወጋል ብሏል። የመጀመሪያው በሰውነት ላይ የደረሰው ሕመም ሲሆን ሁለተኛው በሕመሙ ላይ የምናክለው ኀዘን፣ ምሬትና ራስን መርገም ነው። የሌሊቱ ረኀብ የመጀመሪያው ቀስት ነው፤ ከፊሉን እርስዎ ራስዎ ሥርዓት ብለው የቀረጹት ቢሆንም። የንጋቱ ጥላቻ ግን ሙሉ በሙሉ ሁለተኛው ነው፤ የሚያስከትለውም ንስሓ ሳይሆን ይበልጥ የከረረ ደንብ፣ ከዚያም ይበልጥ የበረታ ረኀብ ነው። ይህን ዑደት ደብዳቤዎ ውስጥ ራስዎ ጽፈውታል፤ «ምን ልጨምር?» ያሉት ከዚያ ቀጥሎ ነው።

ወደ ተመስጦው ልለፍ። ሞጋላና የተባለው ታላቅ ደቀ መዝሙር አንድ ጊዜ ተቀምጦ ሲያንቀላፋ ቡድሃ የነገረው መድኃኒት በተርታ ተጽፎ ይገኛል፤ የያዝከውን ሐሳብ ቀይር፣ የተማርከውን አሰላስል፣ በቃልህ ድገመው፣ ጆሮህን ጎትትና እጅ እግርህን እሽ፣ ተነሥተህ ዓይንህን በውኃ ታጠብና ከዋክብትን ተመልከት፣ ሌሊቱን እንደ ቀን ብርሃን አድርገህ አስብ፣ ወዲያ ወዲህ ተመላለስ ይለዋል። ይህ ሁሉ ካልሠራ? በቀኝ ጎንህ ተጋደምና ተኛ፤ ስትነቃ ግን ፈጥነህ ተነሥ። ትምህርቱን በጽናት ከያዙት ሰዎች አንዱ የሆነ መነኩሴ እንቅልፍ ከተፈቀደለት፣ ትዳርና ሥራ ያለብዎ እርስዎ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ከእንቅልፍ ጋር የሚታገሉበት ምክንያት አይታየኝም። የማንቂያ ደወሉን ቤቱ ወደሚነሣበት ሰዓት ይመልሱት። በዚያ ፋንታ ከመተኛትዎ በፊት ወይም ከነቁ በኋላ አሥር ደቂቃ፣ አከርካሪዎን አቅንተው፣ ትንፋሽዎን ሲገባና ሲወጣ ይከታተሉ። ሐሳብ ሲሄድ ይመልሱት። ከዚህ የሚበልጥ ነገር በአሁኑ ጊዜ አያስፈልግዎትም።

የተቀረው አስተውሎት በዕለት ሥራ ውስጥ ነው። ስለ አስተውሎት በተሰጠው ዋና ስብከት ውስጥ ቡድሃ ሰው ሲሄድና ሲመለስ፣ ሲመለከት፣ እጁን ሲያጥፍና ሲዘረጋ፣ ሲበላ፣ ሲጠጣ፣ ሲያኝክ፣ መጸዳጃ ቤት ሲገባ፣ ሲናገርና ዝም ሲል የሚያደርገውን እንዲያውቅ ይመክራል። መጸዳጃ ቤትን ከትምህርቱ ያልለየ መምህር ስልክን ይለያል ብዬ አላስብም። እርስዎ ከቀንዎ ውስጥ አንዲት ትንሽ ድርጊት ይምረጡ፤ ለምሳሌ እጅዎ ስልኩን ለማንሣት የሚዘረጋበትን ቅጽበት። አያቁሙት፤ እጄ ተዘረጋ፣ ይህን ፈልጌ ነው ወይስ ሳላውቅ ብለው ብቻ ይወቁት። ይህች ልምምድ በሌሊቱ ሳህን ላይም ትጠቅምዎታለች፤ እጁ ያው ነውና።

የአካል እንቅስቃሴን አልጠቀሱም፤ በሥርዓትዎ ውስጥ መጉደሉ ይገርማል፤ ምክንያቱም ቡድሃ እየተመላለሱ ማሰላሰልን በግልጽ አወድሶ አምስት ጥቅሞቹን ቆጥሯል። ረጅም መንገድ ለመሄድ ያስችላል፣ ለጥረት ያበረታል፣ ሕመም ያሳንሳል፣ የበሉትን ያስፈጫል፣ የሚገኘው የሐሳብ መሰብሰብም ይቆያል። ከእራት በኋላ ያለ ጆሮ ማዳመጫ በዝግታ ይራመዱ። (ጥርስን በመፋቂያ ማጽዳትም በእነዚሁ ጥንታዊ መጻሕፍት ውስጥ አምስት ጥቅም ተቆጥሮለታል፤ የአፍ ጠረንን ማሳመርና ምግብን ማጣፈጥ ይገኙበታል። ይህ ትምህርት ከምናስበው በላይ የቤት ውስጥ ነው።)

ገንዘቡን በአጭሩ ላንሣው። ዲጋጃኑ የሚባል ምእመን ቡድሃን እኛ ልጆች የምናሳድግ፣ ወርቅና ብር የምንይዝ ሰዎች ነን፤ ለእንደኛ ያለው የሚጠቅመውን ንገረን ብሎ ሲጠይቀው፣ ከተሰጡት መልሶች አንዱ ገቢንና ወጪን እንደ ሚዛን ያዥ አመዛዝኖ መኖር ነው፤ ከገቢው በላይ የሚበላም፣ ሀብት እያለው በራብ እንደሚሞት ሰው የሚኖርም በእኩል ተነቅፈዋል። ተመስጦ ትራስና ደወል አይፈልግም፤ የሚከፈልባቸውን መተግበሪያዎች ያቋርጡ።

ባለቤትዎ ማዕድ ላይ ዳኛ ሆንክ ያሉት ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ነው። ቀና ንግግር ከስምንቱ ዘርፎች አንዱ ነው፤ በጎ ንግግር ደግሞ እውነት መሆኑ ብቻ ሳይሆን በጊዜው፣ በለዘበ ቃል፣ በሚጠቅም መንገድና በበጎ ልብ መነገሩ ይታያል። በሌላው ሳህን ላይ የሚሰጥ አስተያየት ከእነዚህ አብዛኛውን ያጎድላል። ሲጋላ በተመከረበት ቃል ውስጥም ባል ሚስቱን እንዲያከብር እንጂ እንዳይንቅ ተነግሮታል። እንግዲህ ስለሚበሉት ነገር ለጊዜው ምንም አይናገሩ፤ ስለ ራስዎ ሳህንም ቢሆን። ማዕድ ላይ የነበረው ወሬ ምን እንደነበር ካስታወሱ ወደዚያ ይመለሱ። ሙዚቃም ባለቤትዎ የሚወዱት ከነበረ ይክፈቱት።

ሃይማኖትን መለወጥ ያስፈልግ እንደሆነ ለጠየቁት፣ አያስፈልግም። እያስተዋሉ መብላት፣ እንቅልፍን ማክበር፣ ገቢን ከወጪ ማመዛዘንና ቃልን መግራት የማንም ሃይማኖት ተከታይ ሊያደርጋቸው የሚችል ነገሮች ናቸው። በ1979 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ጆን ካባት-ዚን የጀመረው የስምንት ሳምንት መርሐ ግብር ከቡድሂዝም የተወሰደውን አስተውሎት ያለ ሃይማኖታዊ ይዘቱ ለሕሙማን ያቀረበ ሲሆን፣ ዛሬ በብዙ አገሮች ሐኪም ቤቶች ይሠራበታል። እንደ ቡድሂስት መኖር ከፈለጉ ደግሞ ያ ሌላና ሰፊ ጉዳይ ነው፤ አስተማሪ ይፈልጋል፤ ከአመጋገብ ደንብም አይጀምርም።

አንድ ነገር ግን ከእኔ አቅም በላይ ነው። ሌሊት ብቻዎን፣ ማቆም እስኪያቅትዎ መብላትና በማግስቱ ራስዎን መጥላት በየሳምንቱ እየተደጋገመ ከሆነ፣ እራትን ከመለሱ በኋላም ካልቀነሰ፣ ይህ ሐኪሞች የሚያውቁትና የሚያክሙት የአመጋገብ መታወክ ሊሆን ይችላል። ስኳር ሕመም ካለብዎ ወይም በየቀኑ የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ደግሞ የማዕድ ሰዓትዎን በገዛ ፈቃድዎ ከመለወጥዎ በፊት ሐኪምዎን ማማከር ነበረብዎት፤ አሁንም አልረፈደም። ተመስጦ ላይ ሲቀመጡ ድንጋጤ ወይም የቆየ ክፉ ትዝታ የሚበረታብዎ ከሆነም ተመስጦውን አቁመው ስለዚያም ይናገሩ። ሐኪሙ ዘንድ ሲሄዱ ምን እንደተዉ ብቻ ሳይሆን ሌሊት ምን ያህል እንደሚበሉና ስንት ሰዓት እንደሚተኙም ይንገሩ፤ ከቻሉ ባለቤትዎ አብረውዎት ቢገቡ እርስዎ የረሱትን ያስታውሳሉ።